አስፋልትና ኮረኮንች ለሚቀላቅል ሰው፦ ሃርድቴይል ኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ እንዴት ይመረጣል?

ኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሞተር አይደለም። "ባለፈው ወር የነዳኸውን ቁጠር፤ ስንቱ አስፋልት ነበር?" እለዋለሁ። መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ይጀምራል። ወደ ሥራ፣ ወደ ጓደኛ ቤት፣ እስከ ጫካው መግቢያ ድረስ... ሲደመር ከግማሽ በላይ አስፋልት ሆኖ ቁጭ ይላል። በሐሳቡ የሳለው ግን ድንጋይ ላይ የሚዘል ብስክሌት ነው።

ይሄን የምጽፈው ለዚህ ሰው ነው። አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም በአንድ ብስክሌት ለመጨረስ ለሚፈልግ። ከወዲሁ ልናገርና፣ ለእሱ ብዙ ጊዜ መልሱ ሃርድቴይል ነው። ግን የትኛው ሃርድቴይል የሚለው ላይ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ሃርድቴይል፣ ፉል ሰስፔንሽን ወይስ ተራ የከተማ ኤሌክትሪክ?

ሃርድቴይል ቃል በቃል "ደረቅ ጅራት" ማለት ነው። የፊቱን ጎማ የሚይዘው ሹካ ሾክ አለው፣ ኋላ ላይ ምንም የለውም። የኋላው ጎማ ከፍሬሙ ጋር ግትር ብሎ ነው የተያያዘው። ፉል ሰስፔንሽን ደግሞ ሁለተኛ ሾክ ፍሬሙ ውስጥ ይጨምራል፤ የኋላው ክፍል በማጠፊያ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

አስፋልት ላይ ሃርድቴይል ያሸንፋል። ቆማችሁ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ሾክ ሲያጥፍና ሲዘረጋ አይባክንም። ክብደቱም ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ኤሌክትሪክ ሃርድቴይሎች ከ20 እስከ 25 ኪሎ ውስጥ ናቸው፣ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ፉል ሰስፔንሽን ኪሎዎች ይጨምራል። የሚፈታ የሚገጠም ነገሩም ያንሳል። የፉል ሰስፔንሽን ማጠፊያዎች ኩሽኔታ አላቸው፤ ጭቃና ውሃ ሲገባባቸው ይንጫጫሉ፣ ቆይተውም ይለወጣሉ። የኋላው ሾክም በየጊዜው ሰርቪስ ይፈልጋል። አንድ ሌላ ነገር አለ፦ በተመሳሳይ ገንዘብ ሃርድቴይል ስትገዙ የኋላው ሾክ የሚበላው ወጪ ወደ ተሻለ ሹካ፣ ወደ ተሻለ ፍሬንና ወደ ትልቅ ባትሪ ይሄዳል። መሄዱን ማረጋገጥ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ከአስፋልት ስትወጡ ነገሩ ይገለበጣል። የዛፍ ሥር የተጋደመበት ቁልቁለት ላይ የሃርድቴይል ኋላ ይዘላል። ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ጉልበታችሁን ለቀቅ ስታደርጉ እግራችሁ ሾክ ይሆናል፣ ጥሩ ነጂ እንዲህ ነው የሚነዳው። ችግሩ ኤሌክትሪክ ሲሆን ሰው መቀመጥ ይወዳል። ሞተሩ ስለሚያግዝ ሸካራውን ዳገት ኮርቻው ላይ ተደላድለን እንወጣለን፣ በዚህም ምክንያት ያለ ሞተር ብንሆን ቆመን የምናሳልፈውን እያንዳንዷን ድንጋይ በወገባችን እንቀበላታለን። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ቅዳሜ እሁዱን ሙሉ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ የሚያሳልፍ ሰው፣ ፉል ሰስፔንሽን ይግዛ። ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

ሦስተኛው አማራጭ ይረሳል። ከአስር ቀን ዘጠኙን አስፋልት ላይ ከሆናችሁ፣ አስረኛውም የተደለደለ ጠጠር ከሆነ፣ ማውንቴን ባይክ አትግዙ። ጭቃ መከላከያ፣ መብራትና የዕቃ መጫኛ ተገጥሞለት የሚመጣው የጉዞ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ይሻላችኋል። ቀለል ብሎ ይሄዳል፣ ዝናብ ሲዘንብም ጀርባችሁ ላይ የጭቃ መስመር አይስልም።

ሞተሩ፦ ዋት አትቁጠሩ

የመጀመሪያዬን የገዛሁት በቁጥር ተታልዬ ነው። አንዱ ላይ 250 ዋት፣ ሌላው ላይ 750 ዋት ይላል። ማን 250 ይገዛል? 750ውን ወሰድኩ። ሞተሩ የኋላው ጎማ መሃል ላይ ያለ ነበር።

አስፋልት ላይ ለወራት ደስ ብሎኝ ነዳሁት። ከዚያ አንድ ቀን ረጅም የጠጠር ዳገት ላይ አወጣሁት። ግማሽ መንገድ ላይ ኃይሉ እየለዘበ መጣ። ወርጄ የሞተሩን ሽፋን በእጄ ጀርባ ስነካው አቃጠለኝ። አልተበላሸም፣ ራሱን ከሙቀት እየጠበቀ ነበር። 250 ተብሎ የናቅኩት ዓይነት ብስክሌት የያዘ ሌላ ሰው ግን እያወራ አለፈኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጎማ መሃል ሞተር ፍጥነቱ ከጎማው ጋር የታሰረ ነው። ጎማው በዳገት ሲንፏቀቅ ሞተሩም አብሮ ይንፏቀቃል፣ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከባትሪ የሚመጣው ብዙው ነገር ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፔዳሉ ሥር የሚቀመጠው የመሃል ሞተር ግን ኃይሉን በሰንሰለቱ በኩል ነው የሚልከው። ማርሽ ስትቀይሩ ለእግራችሁ ብቻ ሳይሆን ለሞተሩም ትቀይሩለታላችሁ። በትንሽ ማርሽ ጎማው ቀስ ሲል ሞተሩ በሚመቸው ፍጥነት ይዞራል።

የዋቱ ነገርም አሳሳች ነው። 250 የሚለው ሞተሩ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ተብሎ በሕግ መመዘኛ የሚጻፍ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ጠንካራ የመሃል ሞተሮች ለአጭር ጊዜ ከ500 ዋት በላይ ይሰጣሉ። ሌላው ሻጭ ደግሞ የጫፉን ቁጥር በትልቁ ይጽፋል። ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ቶርኩን፣ ማለትም የማዞር ኃይሉን ነው፤ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። የቦሽ ፐርፎርማንስ ላይን ሲኤክስ እና የሺማኖ ኢፒ8 የተባሉት የመሃል ሞተሮች ለዓመታት የታወቁት በ85 ኒውተን ሜትር ነው። አስፋልትና መጠነኛ ኮረኮንች ለሚቀላቅል ሰው ከ60 በላይ ያለው የመሃል ሞተር በደንብ ይበቃዋል። የጎማ መሃል ሞተርን ቶርክ ከመሃል ሞተር ቶርክ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ፤ አንዱ ጎማው ላይ የሚለካ ነው፣ ሌላው ፔዳሉ ላይ ነው፣ መሃላቸው ማርሽ አለ።

ለጎማ መሃል ሞተር ግን ፍትሕ ልስጠው። ሰንሰለቱን አያደክምም፣ የሚጎትተው እግራችሁ ብቻ ነውና። በከባድ ማርሽ መብራት ላይ ብትቆሙም ያስነሳችኋል። የእጅ ጋዝ (ሳትረግጡ ሞተሩን በእጅ የሚያስኬድ) ካለው፣ ሰንሰለት ቢበጠስ እንኳ ቤት ያደርሳችኋል፤ የመሃል ሞተር ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ጭነት ነው። ዳገት የሌለበት፣ አስፋልት የሚበዛበት ሕይወት ያለው ሰው አይናቀው።

የማልረሳለት ግን ጎማ የፈነዳ ዕለት ነው። የኋላውን ጎማ ለማውጣት ሁለት ትልልቅ ቡሎን መፍታት አለባችሁ፤ የ18 ወይም የ19 ቁልፍ ይፈልጋሉ። ኪሴ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ትንንሽ ቁልፍ ነበረኝ፣ እሱ ብቻ አልነበረኝም። ሽቦውን ከፍሬሙ ያሰሩትን ፕላስቲኮች በጥርሴ ቆረጥኩ፣ ቡሎኑ ግን በጥርስ አይፈታም። ጎማውን እዚያው ገጥሞ እንዳለ አንዱን ጎን ብቻ ከቸርኬው አውጥቼ፣ ካላማዳሪውን ስቤ፣ ቀዳዳውን በምራቅ ፈልጌ ለጠፍኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። የዚህ ዓይነት ሞተር ካላችሁ ያ ቁልፍ ከቦርሳችሁ አይጥፋ።

ከሞተሩ በላይ፣ ሴንሰሩ

ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ሞተሩ መቼ እንደሚነሳ በምን ያውቃል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ያያል፤ ዞረ፣ ሞተር ይበራል፣ ቆመ፣ ይጠፋል። ሌላው እግራችሁ ስንት ኃይል እንደጫነ ይለካል፤ ይሄ ቶርክ ሴንሰር ይባላል። በቀስታ ስትረግጡ በቀስታ፣ ስትጫኑት በርትቶ ያግዛል።

አስፋልት ላይ የመጀመሪያው ምንም አይልም፣ እንዲያውም ለሰነፍ ቀን ይመቻል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ጉድ ያመጣል። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ፔዳሉን ሩብ ዙር ስታዞሩ ሞተሩ ዘግየት ብሎ በሙሉ ኃይሉ ይነሳል፣ የኋላው ጎማ ይንሸራተታል፣ እናንተ ደግሞ ፊታችሁ ያለው ዛፍ ላይ ናችሁ። ከአስፋልት ውጭ የምትነዱ ከሆነ ቶርክ ሴንሰር የሌለውን ከዝርዝራችሁ ሰርዙት። በዚህ አልደራደርም።

ፍጥነትን በተመለከተ ሕጉን ዕወቁ። በአውሮፓ ኅብረት ተራ ብስክሌት ተብሎ የሚቆጠረው እስከ 250 ዋት የሆነና እገዛው በሰዓት 25 ኪሎሜትር ላይ የሚቆም ነው። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች በሦስት ክፍል ይመድቡታል፤ አንደኛውና ሁለተኛው ክፍል 32 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይቆማሉ፣ ሁለተኛው የእጅ ጋዝ አለው፣ ሦስተኛው እስከ 45 ገደማ ያግዛል። የጫካ መንገዶች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚፈቀደው የመጀመሪያው ነው። ምን እንደምትገዙ ከመወሰናችሁ በፊት የምትነዱበት መንገድ ምን እንደሚፈቅድ ጠይቁ።

25 ላይ የሚቆመው ሞተር አስፋልት ላይ አንድ ጠባይ አለው። ከ25 በታች የብስክሌቱን ክብደትና የጎማውን ጥርስ ይሸፍንላችኋል። 26 ስትገቡ ግን ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ እግራችሁ ላይ ይወድቃል። ሃያ ምናምን ኪሎ ብስክሌትና ጥርሳም ጎማ፣ ካለ ሞተር። ስለዚህ ሜዳ አስፋልት ላይ ፍጥነታችሁ 25 አካባቢ ተቸክሎ ይቀራል። በፍጥነት የሚነዳ ሰው ይሄን ቀድሞ ቢያውቀው ከብዙ ብስጭት ይድናል።

ባትሪ

ቮልትንና አምፒር-ሰዓትን አባዙ፣ ዋት-ሰዓት ታገኛላችሁ። 36 ቮልት በ14 አምፒር-ሰዓት 504 ዋት-ሰዓት ነው። የባትሪ ትክክለኛ መጠን ይሄ ነው፤ ሻጩ "እስከ 120 ኪሎሜትር" ያለው ግን በቀላል ሰው፣ በሜዳ፣ በትንሹ እገዛ የሆነ ነው።

የኔ ሒሳብ ቀላል ነው። አስፋልት ላይ በመጠነኛ እገዛ በኪሎሜትር ከ8 እስከ 12 ዋት-ሰዓት አስባለሁ። ዳገታማ ኮረኮንች ላይ በትልቁ እገዛ 20 ወይም ከዚያ በላይ። ስለዚህ 500 የሚለው ባትሪ አንዱ ቦታ 50 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ ሌላው ቦታ 25 ላይ ያልቃል። ለተቀላቀለ አነዳድ 500 ዝቅተኛው ይሁን፤ 625 እና 750 ያላቸው ሃርድቴይሎች አሉ፣ ግን ባትሪ ሲተልቅ ክብደትም ይጨምራል።

ባትሪው ከፍሬሙ የሚወጣ መሆኑን አረጋግጡ። ብስክሌቱን ደረጃ የምታወጡ ከሆነ ባትሪውን ለይቶ መሸከም ወገብ ያድናል። ለረጅም ጊዜ የማትነዱት ከሆነ ግማሽ ገደማ ቻርጅ አድርጋችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ሙሉ አድርጎም ባዶ አድርጎም መተው ያስረጀዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ አታድርጉ። በአውሮፕላን ይዤው እሄዳለሁ ብላችሁ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ እርሱት፤ ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የብስክሌት ባትሪ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ አይገባም።

ስሙ የማይታወቅ ባትሪ ላይ አትቆጥቡ። የብስክሌቱን ኤሌክትሪክ ሲስተም በሙሉ የሚፈትሽ ዩኤል 2849 የሚባል መመዘኛ አለ፣ አውሮፓ ደግሞ ኢኤን 15194 አለው። የሊቲየም ባትሪ እሳት አስቸግሯት ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለዚህ ዓይነት ማረጋገጫ መሸጥ ከልክላለች።

ፍሬንና ጎማ፤ ገንዘቡ መሄድ ያለበት እዚህ ነው

ብስክሌቱ 25 ኪሎ፣ እናንተ 80 ኪሎ ናችሁ እንበል። 105 ኪሎ ይዛችሁ 100 ሜትር ቁመት ያለው ቁልቁለት ብትወርዱና ጉልበቱን በሙሉ ፍሬኑ ቢይዘው፣ የሚወጣው ሙቀት አንድ ብርጭቆ ተኩል ገደማ ውሃ ከቤት ሙቀት እስከ መፍላት ያደርሰዋል። ያ ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ቀጭን የብረት ሳህኖች ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ፍሬን ቀልድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ይሁን፤ በሽቦ የሚሳበው ጣት ያደክማል፣ ሸራው ባለቀ ቁጥርም ማስተካከል ይፈልጋል። ዲስኩ ከ180 ሚሊሜትር አይነስ። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ወይም ረጅም ቁልቁለት ካላችሁ ፊት ላይ 203 ፈልጉ። አንዳንድ ብስክሌት ፊቱ ያማረ፣ ሾኩ ያብረቀረቀ ሆኖ ፍሬኑ 160 ነው። ሻጩ ስለ ማሳያው ስክሪን ሲያወራላችሁ እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ዲስኩ ላይ ወይም ፍሬኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ጎማ በሃርድቴይል ላይ ጎማ ብቻ አይደለም፤ የኋላ ሾካችሁ እሱ ነው። ስለዚህ ወፍራም ይሁን። 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ለተቀላቀለ አነዳድ ልክ ነው፤ ኮረኮንች የሚያበዛ ኋላ ላይ እስከ 2.6 ቢሄድ ወገቡ ያመሰግነዋል። ጥርሱ መሃሉ ላይ የተቀራረበና አጠር ያለ፣ ጎኑ ላይ ግን ደህና ጥርስ ያለው ምረጡ። አስፋልት ላይ በመሃሉ ይንሸራሸራል፣ መታጠፊያ ላይ በጎኑ ይይዛል። ሙሉ ጥርሳም የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ቶሎም ያልቃል።

ብዙ ሰው ነፋሱን አንዴ ሞልቶ ይረሳዋል። 80 ኪሎ ለሚሆን ሰው አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (ፓምፑ ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ጥሩ ነው፤ ኮረኮንቹ መግቢያ ላይ ወደ 25 አካባቢ ስታወርዱት ያው ብስክሌት ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ሾኩን የለወጡልኝ ነበር የመሰለኝ። ካላማዳሪ ካለው ግን ከዚህ ብዙ አትውረዱ፤ ድንጋይ ሲመታው ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቆ በሁለት ቦታ ይቀደዳል። ቸርኬውና ጎማው የሚፈቅዱ ከሆነ ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ፈሳሽ ማሸጊያ ሙሉበት። በትንሽ እሾህ የሚመጣ ጣጣ በብዛት ይቀንሳል።

ሹካው

100 ወይም 120 ሚሊሜትር የሚታጠፍ ሹካ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ትልቁ ጥያቄ ውስጡ የብረት ሞላ ነው ወይስ አየር? የብረት ሞላ የሚሠራው ለመካከለኛ ክብደት ነው። 55 ኪሎ የሆነች ሴት ስትቀመጥበት አይታጠፍላትም፣ 100 ኪሎ የሆነ ሰው ሲቀመጥበት እስከ ታች ይሄድበታል። የአየሩን ግን በሾክ ፓምፕ ለክብደታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ስትቀመጡበት ከጠቅላላው እጥፋት 20 በመቶ ገደማ ቢሰምጥ ልክ ነው፤ በ120 ላይ 24 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሹካው ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት ወደታች ገፍታችሁ፣ በዝግታ ተቀምጣችሁ ስትወርዱ የት እንደቀረች በማስመሪያ ለኩ። ለአስፋልት መቆለፊያ ቢኖረው ደስ ይላል።

ማርሽ ላይ ብዙ አልልም። ፊት ላይ አንድ፣ ኋላ ላይ ከ9 እስከ 12 ያለው ይበቃል፤ የትልቁ የኋላ ማርሽ ጥርስ 46 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። የመሃል ሞተር ሰንሰለት ስለሚበላ የሰንሰለት መለኪያ ግዙ፣ ሰንሰለቱ ተስቦ መርዘሙ 0.5 በመቶ ሲደርስ ቀይሩት። ማርሽ ስትቀይሩ እግራችሁን ለአፍታ ቀለል አድርጉ።

ሳትገዙ በፊት የምትሞክሩት

ሱቁ ፊት ለፊት ያለ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር መዞር ሙከራ አይደለም። ዳገት ፈልጉ። መሃሉ ላይ ቁሙና ከዚያው ተነሱ፤ ሞተሩ ያንሳፍፋችኋል ወይስ ይገፈትራችኋል? መርገጥ ስታቆሙ ወዲያው ያቆማል ወይስ ትንሽ ይገፋል? ከዚያ ሞተሩን አጥፍታችሁ 500 ሜትር ያህል ንዱት። አንድ ቀን ባትሪ ያልቃል፣ ያኔ የሚጠብቃችሁ ይሄ ነው። ጠጠር ላይ በሁለቱም ፍሬን ቀስ በቀስ ያዙ። ብስክሌቱን አንሱት፤ መኪና ላይ የምትጭኑት ከሆነ መጫኛው ስንት ኪሎ እንደሚችልም አስቡ። ፍሬሙ ላይ እግራችሁን አንፈራጣችሁ ስትቆሙ ክፍተት መኖር አለበት፤ ብስክሌቱ ከባድ ስለሆነ ሚዛን ስታጡ በእግር መቀበል ከተራ ብስክሌት ይከብዳል።

እዚያው ሳላችሁ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ባትሪ ከአራት ዓመት በኋላ ለብቻው ይገኛል? ሞተሩ ሲበላሽ የሚከፍተው ማነው? "አይበላሽም" ካላችሁ፣ ኮፍያችሁን አንሱና ሂዱ።

እኔ አሁን የምነዳው 120 ሚሊሜትር የአየር ሹካ፣ የመሃል ሞተር፣ 625 ባትሪ፣ ፊት 203 ኋላ 180 ዲስክ ያለው ሃርድቴይል ነው። የኋላ ጎማውን በ2.6 ቀይሬዋለሁ። ስክሪኑ ትንሽ ነው፣ ቀለሙም አያምርም። ያ የ18 ቁልፍ ከቦርሳዬ አልወጣም፤ አሁን ለምኑም አይሆነኝም፣ ግን መንገድ ላይ ጎማውን ይዞ የቆመ ሰው ሳይ እቆማለሁ።